በሲሊከን ውስጥ ያሉ ሩቅ ተጓዦች

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከአሲድ ውስጥ ያወጣኋት የሲሊከን ቁራጭ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ በትንሽ ፕላስቲክ ሳጥን ተቀምጣለች። ስትገባ እንደ መስታወት ፊቴን ታሳየኝ ነበር። ስትወጣ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁራለች። ስፋቷ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ቀለም ግን አልተቀባችም፣ የተጨመረባትም ነገር የለም። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስትታይ ላይዋ እንደ ጤፍ ማሳ ነው፤ ለቁጥር የሚያታክቱ ቀጫጭን የሲሊከን ሽቦዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ጫፋቸው እርስ በርሱ ተደጋግፏል። ብርሃን መሃላቸው ይገባና መውጫ ያጣል፤ ለዚህ ነው የጠቆረችው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድና የብር ናይትሬት ውሃ ውስጥ ይቀላቀላሉ። የብር አተሞች ሲሊከኑ ላይ ያርፋሉ፣ ከሥራቸው ያለው ሲሊከን ኦክሳይድ ይሆናል፣ አሲዱ ኦክሳይዱን ያሟሟዋል። ብሩ ወደ ታች እየቆፈረ ይወርዳል፤ ያልተቆፈረው ቆሞ ይቀራል። በኋላ ብሩን በናይትሪክ አሲድ አጥባለሁ። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቆዳ ላይ ሲነካ መጀመሪያ ላያቃጥል ይችላል፣ ግን ዘልቆ ገብቶ የሰውነትን ካልሲየም ያጠቃል። ስለዚህ የካልሲየም ቅባቱን ቱቦ ክዳኑን አላልቼ በቀኝ እጄ በኩል ሳላስቀምጥ ጠርሙሱን ከፍቼ አላውቅም። ብቻዬንም አልሠራም።

ይህን የምጽፈው በታናሽ ወንድሜ ጥያቄ ምክንያት ነው። መገናኛ አካባቢ ስልክ ይጠግናል። ያለፈው እሁድ ደውሎ፣ "አንቺ ሙቀት ነው የምታጠኚው አይደል? ታዲያ እነዚህ አዳዲስ ስልኮች ለምን እንዲህ ይግላሉ?" አለኝ። መልስ ጀመርኩለት፤ ኔትዎርኩ ሦስቴ ተቆርጦ ሳንጨርሰው ቀረን። ለእሱ የጀመርኩትን እዚህ ልጨርሰው።

ብረት አንድ ጫፉ ሲግል ሙቀቱን ወደ ሌላው ጫፍ ይዘው የሚሮጡት በአብዛኛው ኤሌክትሮኖች ናቸው። የስልክ ቺፕ በሚሠራበት በሲሊከን ውስጥ ግን ይህን ሥራ የሚሠሩት የአተሞቹ ንዝረቶች ናቸው። አተሞቹ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ አንዱ ሲነቃነቅ ጎረቤቱን ይነቀንቃል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ቀጣዩን፣ እንዲህ እያለ ንዝረቱ እንደ ማዕበል ይጓዛል። ፊዚክስ የዚህን ማዕበል አንድ ቁራጭ ፎነን ይለዋል። ድምፅም በሲሊከን ውስጥ የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው፣ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ። ሙቀት የሚይዙት ፎነኖች ግን በብዛት ከምንሰማው ድምፅ እጅግ አጭር ሞገድ ያላቸው ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ሞገድ ከጥቂት አተሞች ርቀት አይበልጥም።

ንጹሕ የሲሊከን ክሪስታል በክፍል ሙቀት ወደ 148 ዋት በሜትር በኬልቪን ያስተላልፋል፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ሙቀት ይበልጥ በቀላሉ ያልፋል ማለት ነው። መዳብ 400 ገደማ ነው፣ ብረት 80 ገደማ፣ የመስኮት መስታወት 1 ገደማ። ሲሊከን ብረት ሳይሆን ብረትን ያስንቃል ማለት ነው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ያየሁት ባሕር ዳር ሁለተኛ ዓመት ፊዚክስ ስማር ነበር፤ የሕትመት ስሕተት መስሎኝ ሌላ መጽሐፍ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ሄጃለሁ።

እነዚህን ንዝረቶች ምን ያቆማቸዋል? አንደኛው እርስ በርስ መጋጨታቸው ነው፤ ሩዶልፍ ፓየርልስ እ.ኤ.አ. በ1929 ክሪስታል ውስጥ ሙቀትን የሚገታ ግጭት እንዴት እንደሚፈጠር ያሳየው ያንን ነው። ሌላው በመንገዳቸው ላይ የተዛነፈ ወይም ክብደቱ የተለየ አተም ማግኘታቸው ነው። ሦስተኛው ግድግዳ፣ ማለትም የክሪስታሉ የራሱ ዳር ነው። ቁራጩ ትልቅ ከሆነ ዳሩ አይታሰብም። ፎነኑ ዳር ሳይደርስ ከሌላ ፎነን ጋር ይጋጫልና።

ታዲያ ፎነን ሳይጋጭ ምን ያህል ይጓዛል? የመማሪያ መጽሐፍ ስሌት አለ። የሲሊከኑን ሙቀት የመያዝ አቅም፣ የድምፁን ፍጥነትና 148ን አስገብተህ ስታሰላ 40 ናኖሜትር ገደማ ይወጣል፤ ናኖሜትር የሜትር ቢሊየንኛ ክፍል ነው። እኔም ላቦራቶሪ ከመግባቴ በፊት ይህን ቁጥር በቃሌ ይዤው ነበር። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ 115 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ከትልቁ ሲሊከን ብዙም ሊያንስ አይገባውም፤ ፎነኑ ዳሩን ከመንካቱ በፊት ሦስት ጊዜ ያህል ይጋጫልና።

አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያሉ ተመራማሪዎች፣ ዴዩ ሊ፣ ፔይዶንግ ያንግ፣ አሩን ማጁምዳርና ባልደረቦቻቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ በአንድ የለኳቸውን ሽቦዎች ውጤት አሳተሙ። ውፍረታቸው 22፣ 37፣ 56 እና 115 ናኖሜትር ነበር። ባለ 115ቱ ሽቦ 40 ዋት ገደማ ብቻ አስተላለፈ። ባለ 22ቱ ከ10 በታች ወረደ። የሲሊከኑ ምንነት አልተቀየረም፣ አተሞቹም ድርድራቸውም ያው ነው፤ የተቀየረው ውፍረቱ ብቻ ነው። ግን 115 ናኖሜትሩ ሽቦ ያን ያህል ለምን ወረደ? የመጽሐፉ 40 ናኖሜትር ይህን አይመልስም።

ለእኔ የዚህ ሥራ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያ 40 ናኖሜትር አማካይ ነው፤ አማካዩም ሩቅ ተጓዦቹን ሸፍኗቸዋል።

ለወንድሜ የነገርኩት እንዲህ ነው። ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ተሳፋሪውን ሁሉ ቁጠር። አብዛኛው ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነው፤ ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ ከሳሪስ ስታዲየም ይላል። ጥቂቱ ደግሞ ከአውቶቡስ ተራ ተነሥቶ ጎንደር፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ ይሄዳል። የሁሉንም መንገድ ደምረህ ብታካፍል አማካዩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሆናል። አሁን በየሃያ ኪሎ ሜትሩ ኬላ ይቁም እንበል። አማካዩን ብቻ የሚያውቅ ሰው "ማንንም አይነካም" ይላል። የሜክሲኮው ተሳፋሪ እውነትም ኬላውን አያየውም። የጎንደሩ አውቶቡስ ግን ቡሬ ሳይደርስ ስንት ጊዜ ይቆማል! ከአገር አገር የሚሻገረው ጭነትም በእሱ ላይ ነው ያለው።

ሲሊከንም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የተሠሩት ስሌቶችና የሌዘር ልኬቶች እንዳሳዩት፣ በክፍል ሙቀት ከሚተላለፈው ሙቀት ግማሽ ያህሉን የሚሸከሙት ሳይጋጩ ከ1 ማይክሮሜትር በላይ የሚጓዙ ፎነኖች ናቸው። 1 ማይክሮሜትር ማለት 1,000 ናኖሜትር ነው። ስለዚህ ባለ 115 ናኖሜትሩ ሽቦ ለእነሱ በየቦታው ኬላ ነው። ቀጥሎ ለሚመጣው ሁሉ ይህን አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። እኔ ሳልይዘው ወደ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ።

ሐሳቡ በራሱ አዲስ አይደለም። ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ካሲሚር እ.ኤ.አ. በ1938 ጽፎታል። ክሪስታል ወደ ፍጹም ዜሮ ሲቀርብ ፎነኖቹ እርስ በርስ መጋጨታቸውን ይተዋሉ፤ የሁሉም መንገድ ይረዝማል፤ በዓይን በሚታይ ዘንግ ውስጥ እንኳ የሚያቆማቸው ግድግዳው ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ቀጭኑ ዘንግ ከወፍራሙ ያነሰ ያስተላልፋል። ካሲሚር በብርድ ያየውን እኛ ግድግዳውን በማቅረብ በክፍል ሙቀት አመጣነው። ግድግዳው ሸካራ ከሆነ ደግሞ ፎነኑ እንደ መስታወት ተንጸባርቆ ወደ ፊት አይቀጥልም፤ በየአቅጣጫው ይበተናል።

እ.ኤ.አ. ጥር 2008 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን ወጡ። አንደኛው የበርክሌዩ ቡድን ነው፤ እኔ ሐሙስ ዕለት በሠራሁበት በዚሁ የብርና የአሲድ ዘዴ የተሠሩ፣ ገጻቸው ሸካራ የሆነ፣ 50 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ሽቦዎች ለካ። ማስተላለፋቸው ወደ 1.6 ወረደ። ከ148 ወደ 1.6! ያው ሲሊከን ከመስኮት መስታወት ጎን ቆመ። ሁለተኛው በካሊፎርኒያ ካለው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ የጄምስ ሂዝ ቡድን ነው፣ ሽቦዎቹን በሌላ መንገድ ሠርቶ ወደ ተመሳሳይ ቦታ ደረሰ።

በዚህ ውጤት በጣም የተደሰቱት ቴርሞኤሌክትሪክ ላይ የሚሠሩት ናቸው፤ ሙቀትን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይር ነገር የሚፈለገው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ፣ ሙቀት ግን የማያሳልፍ ቁስ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚመጡ እንዲህ ያለ ቁስ ማግኘት ከባድ ነው። ሽቦው ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ የሜክሲኮ ተሳፋሪዎች ናቸው፤ መንገዳቸው ጥቂት ናኖሜትር ስለሆነ 50 ናኖሜትር ራቅ ብሎ ያለውን ግድግዳ እምብዛም አያውቁትም። የቁሱን ብቃት የሚናገረው ዜድቲ የሚባለው ቁጥር ለተራ ሲሊከን በክፍል ሙቀት 0.01 ገደማ ነው፤ የበርክሌዩ ሸካራ ሽቦ 0.6 ደረሰ።

1.6 እንዴት ሊመጣ ቻለ የሚለው ግን ለዓመታት አከራክሯል። የካሲሚር ስሌት ለዚህ ውፍረት የሚፈቅደው ትንሹ ቁጥር ከ1.6 በላይ ነውና። አንዳንዱ የሸካራነቱን ቅርጽ ይዞ ተከራከረ፣ አንዳንዱ አሲዱ የሽቦውን ውስጥ ጭምር ስለሚጎዳው ነው አለ። የእኔ ሚዛን ወደ ሁለተኛው ያደላል። በማይክሮስኮፕ ያየኋቸው የአሲድ ሽቦዎች ከገጻቸው በታች ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነበሯቸው፤ ቀዳዳ ደግሞ በሽቦው መሃል የተተከለ ተጨማሪ ግድግዳ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ስሕተት ልናገር፤ ይህን ሥራ ለሚጀምር ይጠቅማልና።

አንድ ሽቦ የሚለካው እንዲህ ነው። በአየር ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ትንንሽ መድረኮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቀጭን የፕላቲነም መስመር አለ። መስመሩ ማሞቂያም ቴርሞሜትርም ነው። ሽቦውን በሁለቱ መድረኮች መካከል እንደ ድልድይ አጋድመህ፣ ሁሉንም ቫኪዩም ውስጥ አስገብተህ፣ አንዱን መድረክ ታሞቃለህ፤ ሁለተኛው ምን ያህል እንደሞቀ ታያለህ። ሽቦውን የማጋድመው በማይክሮስኮፕ ሥር በተንግስተን መርፌ ነው። መርፌው ከሽቦው ክምር አንዱን ሲነካ ሽቦው ራሱ ይጣበቃል። ያን ጊዜ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ክርኔን አልደገፍም፤ በኮሪደሩ በር የሚዘጋ ሰው ካለ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። መድረኩን የያዙት እግሮች ከሰው ፀጉር እጅግ የቀጠኑ ስለሆኑ መርፌው ትንሽ ቢጫን ይሰበራሉ። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ አንድ መሣሪያ ሰብሬያለሁ።

በመጨረሻ ልኬት ማግኘት ስጀምር ውጤቶቼ በጣም ያማሩ ነበሩ። ለስላሳ ሽቦ ለክቼ ከታተመው ግማሽ በታች አገኘሁ። ደስ አለኝ፣ አዲስ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ለኮንፈረንስ አጭር ጽሑፍ ሁሉ አዘጋጀሁ። አማካሪዬ ወረቀቱን ይዘው ዝም ብለው ቆዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ "የሽቦውን ርዝመት እጥፍ ብታደርጊው ምን ይሆናል?"

ውፍረታቸው የሚቀራረብ ሁለት ሽቦ ፈለግሁ፤ አንዱ በመድረኮቹ መካከል 4 ማይክሮሜትር ሌላው 8 ማይክሮሜትር። ሙቀቱን የሚገታው የሽቦው አካል ከሆነ የረጅሙ መከላከል እጥፍ መሆን ነበረበት። ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ለወራት የለካሁት ሽቦውን ሳይሆን ሽቦው መድረኩን የሚነካበትን ቦታ ነበር። ክብ ሽቦ ጠፍጣፋ መድረክ ላይ ሲያርፍ የሚነካው በጠባብ መስመር ነው፤ ሙቀቱ ማለፊያ ያጣው እዚያ ላይ ነው። ያን ሌሊት ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ጽሑፉን በማግስቱ ሰረዝኩት።

መፍትሔው የሽቦውን ሁለት ጫፎች በኤሌክትሮን ጨረር ፕላቲነም አልብሶ መበየድ ነው። ብየዳው በሽቦው ርዝመት ላይ እንዳይዛመት ጊዜውን ማሳጠር ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ዙር ቢያንስ ሁለት የተለያየ ርዝመት ሳልለካ ቁጥር አልጽፍም። አሁን ለስላሳዎቹ ሽቦዎቼ ከ2003ቱ ውጤት ጋር ይቀራረባሉ። ቁጥሩ አዲስ ስላልሆነ አያሳትምም፤ እኔን ግን ያሳርፈኛል።

ኬላውን በሌላ አቅጣጫ የተጠቀሙበትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 የተነሡት ሁለቱ ቮዬጀር መንኮራኩሮች ኤሌክትሪካቸውን የሚያገኙት ከፕሉቶኒየም ሙቀት በሲሊከን ጀርማኒየም ቅይጥ አማካይነት ነው። ጀርማኒየም ከሲሊከን ይከብዳል፤ በድርድሩ መሃል ሲገባ ለአጭር ሞገድ ፎነን እንደ ጠጠር ነው። ጠጠር የባጃጅን ጎማ ያናጋል፣ ትልቁ አውቶቡስ ግን ረግጦት ያልፋል። ረጅም ሞገድ ያላቸው ፎነኖችም አተም የሚያህል ጠጠር አይሰማቸውም። እ.ኤ.አ. በ2008 በቦስተንና አካባቢዋ ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ቅይጥ ወደ ናኖሜትር ዱቄት ፈጭተው በሙቀትና በግፊት መልሰው አጣበቁት። የጥራጥሬዎቹ ድንበር ለአውቶቡሶቹ ኬላ ሆነ፣ ጀርማኒየሙ ለባጃጆቹ ጠጠር፤ ዜድቲው በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.3 ደረሰ። ሽቦ በመርፌ ማንሣት የለም፣ በኪሎ የሚሠራ ቁስ ነው። ለአገልግሎት ከሆነ ተስፋዬን የምጥለው በዚህኛው ነው።

ወደ ወንድሜ ስልክ ልመለስ። ስልኩ የሚግልበት ዋናው ምክንያት ቺፑ የሚበላው ኃይል ነው፤ የበላው ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። የናኖው ነገር የሚገባው ሙቀቱ ከተወለደበት ነጥብ እንዴት ይውጣ በሚለው ላይ ነው። በዘመኑ ትራንዚስተር ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የሲሊከን ክንፍ ውፍረቱ ከ10 ናኖሜትር በታች ነው። ሙቀቱ የሚፈጠረው እዚያ ውስጥ ነው። መሐንዲሱ 148 ብሎ ቢያሰላ ተሳስቷል፤ በዚያ ስስ ክንፍ ውስጥ ሩቅ ተጓዦቹ መንገድ የላቸውም። ዙሪያውን ደግሞ 1.4 ብቻ የሚያስተላልፍ ሲሊከን ኦክሳይድ ከቦታል። ስለዚህ ትራንዚስተሩ ከቺፑ ቀሪ አካል በላይ ይግላል፣ ቶሎም ያረጃል። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ለማግኘት የምደክምበት ነገር ለቺፕ ሠሪው መከራው ነው።

ለእነሱ ተስፋ የሚሰጥ አንድ ውጤት አለ፣ በጣም የምወደው። በተፈጥሮ ያለ ሲሊከን የሦስት ዓይነት ክብደት አተሞች ድብልቅ ነው፤ 92.2 በመቶው ሲሊከን 28፣ 4.7 በመቶው 29፣ 3.1 በመቶው 30። 28ን ብቻ ለይተህ ትልቅ ክሪስታል ብትሠራ ማስተላለፉ በ10 በመቶ ገደማ ብቻ ይሻሻላል፤ ለድካሙ አይመጥንም ተብሎ ተትቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን የበርክሌይ ቡድን ከዚያ ንጹሕ ሲሊከን 28 ሽቦ ሠርቶ ሲለካ ከተራው ሲሊከን ሽቦ በ150 በመቶ በልጦ አገኘው። ያብራሩትም ይህ ነው፦ ጠጠሩ ተለቅሟል፣ የሽቦው ገጽ ከለበሰው ኦክሳይድ ጋር የሚገናኝበትም እንደ መስታወት ልስልስ ያለ ስለሆነ ፎነኑ ሳይበተን ተንጸባርቆ ወደ ፊት ይቀጥላል። ግድግዳ ሁሉ ኬላ እንዳልሆነ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበብኩት ባቡር ውስጥ ነበር፤ መውረጃዬን በሁለት ፌርማታ አለፍኩት።

ይህን ሁሉ ትናንት በድምፅ መልእክት ልኬለት ነበር፣ ተቆራርጦ በአራት ክፍል። ዛሬ ጠዋት ፎቶ ላከልኝ። ስክሪን ለመቀየር ከከፈተው ስልክ የላጠው ስስ ጥቁር ወረቀት ነው፣ አንድ ጥጉ ተቀዷል። "ይሄን ሁሌ ነው የምንጥለው፤ ምንድን ነው?" ይላል። ግራፋይት ነው። ሙቀትን በገጹ ላይ ወደ ጎን ከመዳብ በተሻለ ይበትናል፤ ቺፑ ካለበት ነጥብ አንሥቶ በስልኩ ጀርባ ሁሉ የሚያሠራጨው እሱ ነው። እንዳይጥለው ነገርኩት፤ ሲመልሰው እንዳይጨማደድ፣ ከሥሩም አየር እንዳይቀር በጣቱ ከመሃል ወደ ዳር እየዳሰሰ እንዲያስተኛው። የተቀደደውንስ አለኝ። ጠርዝ ለጠርዝ አግጥመህ መልሰው አልኩት። ካስተኛው በኋላ ያነሣውን ፎቶ እየጠበቅሁ ነው፤ ሲልክልኝ ጥቁሯን ቁራጬን ይዤ ወደ ማይክሮስኮፑ እወርዳለሁ።